እሱ ያውቃል

የእህቴ ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ማይክሮዌቭ ይዛ መጣች። ደስ ይላል። የቀዘቀዘ ወጥ ያሞቃል፣ ይመሰገናል፣ ያልቃል። ጣጣው የመጣው ፊቱ ላይ ከተደረደሩት ቁልፎች ነው። ፈንዲሻ የተሳለበት አለ። ድንች አለ። ፒዛ አለ። ዓሣ አለ። እናቷ "ስንት ደቂቃ ላድርገው?" ስትላት መልሷ አንድ ነው። "ዝም ብለሽ ተጫኚው እማ፤ እሱ ያውቃል።"

ምኑን ነው የሚያውቀው?

እሑድ ከቡናው ጋር የቀረበው ፈንዲሻ ግማሹ አሮ፣ ግማሹ ጥሬ ነበር። ማንም ትንፍሽ አላለም። ወሎዬ ጨዋ ነው፤ ያረረውን እየቆረጠመ ይመርቃል። እኔ ግን ውስጤ በገነ።

በርካሾቹ ማይክሮዌቮች ላይ ያ ቁልፍ ምንም ተአምር የለውም። ፋብሪካ ውስጥ የሆነ ሰው የታሸገ ፈንዲሻ በሐሳቡ ይዞ፣ ይህን ያህል ደቂቃ፣ በዚህን ያህል ኃይል ብሎ መዝግቦ ወደ ቤቱ ሄዷል። በቃ። ስትጫኑት ያንኑ ይደግማል። ውስጥ ያለው አንድ እፍኝ ይሁን አንድ ጎድጓዳ ሳህን አያይም። ፈንዲሻ አሻጊዎቹ ራሳቸው እኮ ብዙ ጊዜ ከረጢቱ ላይ "በዚህ ቁልፍ አትጠቀሙ" ብለው ይጽፋሉ! ፍሬው የሚፈነዳው በውስጡ ባለው እርጥበት ነው፤ 14 ከመቶ ገደማ። እሱ ሞቆ ወደ 180 ዲግሪ ሲጠጋ ቅርፊቱን ይበረቅሰዋል። የከረመና የደረቀ በቆሎ ከሆነ በደንብ አይፈካም። ቁልፉ የሰኞ ገበያ በቆሎ ስንት ወር እንደከረመ በምን ይወቅ?

መብራቱስ? ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል። ኃይሉ ሲወርድ ማሽኑም ይደክማል፤ ደቂቃው ግን ያው ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድንች ቆላ ከሚበስለው ይልቅ ይዘገያል። የድንቹን ቁልፍ የመዘገበው ሰውዬ የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ አላየም።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይባላል። ይህችን ተረት ነፍሴ ትወዳታለች። እኛ ዘንድ ቄሱም ሸሁም ስለሚጠመጥሙ ማንም "ይቺ ለእናንተ ናት" ብሎ ወደ ሌላው ሊገፋት አይችልም። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ደብር ነው። የቆሎ ተማሪው ከውሻ እየታገለ ለምኖ ይማራል። ደረሳውም አገር ላገር ዞሮ፣ ሸህ ፈልጎ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ኪታብ ይቀራል። ዓመታት ይሄዳሉ። ጥምጥሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማይክሮዌቩ ግን ከካርቶኑ የወጣው ጠምጥሞ ነው።

የሚገርመው የፈለሰፈው ሰው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ። ፐርሲ ስፔንሰር ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ሥራ ገባ፤ ኋላ በራሱ እያነበበ መሐንዲስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1945 የራዳር መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ። ቀጥሎ ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ፈንዲሻ! ያውም ያለ ምንም ቁልፍ፣ በዓይኑ እያየ። በ1947 የወጣው የመጀመሪያው ማሽን የሰው ቁመት ያክላል፤ ክብደቱ ወደ 340 ኪሎ ነበር። ሰውየው ሳይጠመጥም ተማረ፤ ማሽኑ ሳይማር ጠመጠመ።

ይህ ጠባይ ማሽን ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋኝ። አንድ ፀጉር አስተካካይ ጋ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቼ ገና ስቀመጥ "እንደተለመደው?" ብሎኛል። በየት የተለመደው? መልስ ሳይጠብቅ ላጨኝ። ዓመታት አልፈዋል፤ ይቅር አላልኩትም።

ቢሮስ? ከተንታ ሌሊት ተነስተው የመጡ እናት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ፣ ወረቀታቸውን እንኳ ሳይዘረጉ "ሲስተም የለም እናቴ፤ ነገ ይምጡ" ተባሉ። ልጁ ቀና አላለም። ወረቀቱ እኮ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው፤ ፊርማ ደግሞ ሲስተም አይፈልግም። ለእሳቸው ነገ ማለት የማደሪያ ብር ነው፤ ሳር ያላገኘች ላም ነው። ይኼ አያስቅም። እኔም ከኋላቸው ተሰልፌ ዝም ካሉት አንዱ ስለነበርኩ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ አትፍረዱብኝ።

ወደ ማይክሮዌቩ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር የሚያውቅ ቁልፍም አለ። ውድ የሆኑት ላይ እርጥበት የሚለይ ሴንሰር ይገጠማል። ምግቡ ሲሞቅ እንፋሎት ያወጣል፤ ሴንሰሩ ያንን ይለይና የቀረውን ደቂቃ ያሰላል። ይኼኛው ቢያንስ ጠይቆ ነው የሚፈርደው። ጅዳ የሠራችበት ቤት የነበረው እንዲህ ያለ ነው፤ ይዛልን የመጣችው ግን አይደለም። ቢሆንም አይጠቅመንም ነበር። እንፋሎቱ እንዲያዝ ምግቡ ከደን ይደረጋል፤ በሩም በመሐል አይከፈትም። እህቴ ደግሞ ከፍታ ሳታይ፣ "እስቲ ቅመሱልኝ" ሳትል በዚያ ቤት ወጥ ሞቆ አያውቅም።

ለልጅቷ በእርጋታ አስረዳኋት። ደቂቃውን በቁጥር ሙዪው፣ ጆሮሽን ስጪው፣ በአንዱ ፍንዳታና በሌላው መሐል ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲሆን አጥፊው አልኳት።

"ታዲያ ቁልፉ ለምን ተሠራ ጋሼ?" አለችኝ።

መልስ ነበረኝ። ፒዛ ተበልቶ በማያውቅበት ቤት የፒዛ ቁልፍ ኖሮ የሽሮ ስለመጥፋቱም ገና አልተናገርኩም። ግን ቶና ተቀድቷል፤ እየተጠራሁ ነው።