ሁለት ሺህ አመት ያላለቀው በአንድ ማኪያቶ

የአራት ኪሎን የካፌ ተከራካሪዎች ሳደንቅ ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። ኧረ ከልቤ ነው። በውጭው አለም ስንትና ስንት ምሁር ግሪክና እብራይስጥ ሲማር ጸጉሩን ጨርሶ፣ ብራና ሲያገላብጥ አይኑን አጥፍቶ፣ ክርስቶስ ከሙታን ለመነሳቱ የታሪክ ማስረጃ አለ ወይ ሲሉት "እንግዲህ ማስረጃው እስከዚህ ድረስ ይወስደናል፣ ከዚህ ወዲያ ደግሞ..." እያለ እንደተንተባተበ ጡረታ ይወጣል። እኛ ጋ ይሄ ጥያቄ ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጅቶ አያውቅም፣ እሱም ማኪያቶው ከዘገየ ነው።

ወቅት አለው ደግሞ። ሆሳዕና ላይ ይሟሟቃል፣ ፋሲካን ተሻግሮ ዳግማ ትንሳኤ ላይ ይጦዛል፣ ከዛ የእንግሊዝ ሊግ ማለቂያው ሲቃረብ ያው ሰው ያው ወንበር ላይ ያንኑ ድምጽ ይዞ ወደ ፔናሊቲ ይዞራል። ለፔናሊቲው እንኳን ቪኤአር አለ። ለትንሳኤው ቪኤአሩ እኛ ነን።

ያለፈውን ረቡዕ ልንገራችሁ። ረቡዕ መሆኑን ያነሳሁት በዓለ ሃምሳ ላይ ስለሆንን አርብ ረቡዕ አይጾምም፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የጾም ማኪያቶ የሚባል አልነበረም፣ ሁሉም ባለወተት ነው፣ ወተት ደግሞ ለድምጽ ጥሩ ነው መሰለኝ። ካፌው ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ብዙም አይርቅም። ይሄን ለአድራሻ ያህል ነው እንጂ ነገር ፈልጌ አይደለም። አብርሆት በ2014 ሲከፈት ሁላችንም በሩ ላይ ፎቶ ተነስተናል፣ በቃ፣ ግዴታችንን ተወጥተናል፣ ውስጥ ገብቶ መጽሐፍ መግለጥ ደግሞ ሀሳብ ያበላሻል።

ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። አንዱን "ሶርስ" ነው የምንለው፣ ምክንያቱም ዝናብ መጣ ብትለው እንኳን መስኮቱን ሳያይ "ሶርስ አለህ?" ነው የሚልህ፣ የሱ ሶርስ ምን እንደሆነ ግን እስከዛሬ የደፈረ ጠይቆት አያውቅም፣ እኔ በበኩሌ ከታክሲ ወርዶ ካፌ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያያቸው የአንድ ደቂቃ ክሊፖች ይመስሉኛል። ሁለተኛው "መምሬ" ነው፣ ቅስና የለውም፣ ድቁናም የለውም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ለማጥናት ሁለት ወር ገብቶ ወጥቷል፣ በዛችው ሁለት ወር ግን ሙሉ በራስ መተማመኑን ይዞ ነው የወጣው። ሶስተኛው ሙስሊም ወዳጃችን ነው፣ በሱ እምነት ልዩነቱ ገና ስቅለቱ ላይ ስለሚጀምር ትንሳኤው ጋ ሳንደርስ የሚለው ነገር አለው፣ ግን ተራ ደርሶት ስለማያውቅ ሳንዱቹን ይበላል። አራተኛው እኔ ነኝ። እኔ አደንቃለሁ።

ሶርስ ከፈተው። "ይሄ ሁሉ እኮ 325 ላይ ኒቅያ ቁጭ ብለው የፈጠሩት ታሪክ ነው" አለ፣ እንዲህ ዝም ብሎ፣ ስኳር እያማሰለ። ውበቱ እኮ ነው የሚገርመው! ሰለስቱ ምዕት ብለን የምንዘክራቸው እነዛ 318 አባቶች የተሰበሰቡት አርዮስን ለመሟገት ነው፣ ወልድ ፍጡር ነው አይደለም በሚለው፣ ትንሳኤው ግን ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በ50ዎቹ አጋማሽ ላይ በጻፈው መልእክት 15ኛው ምእራፍ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ከኒቅያ 270 አመት አስቀድሞ። እሱም ብቻ አይደለም፣ ጳውሎስ ራሱ "እኔ ደግሞ የተቀበልኩትን" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የማያምኑት ተመራማሪዎች ጭምር ያቺ አባባል ከስቅለቱ በኋላ በጥቂት አመታት ውስጥ ሰው አፍ ላይ የነበረች ናት ይላሉ። ይሄን የሚል ሰው ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ ጨዋታው እዛው በቀዘቀዘ ነበር። እኔማ አፌ ውስጥ ኬክ ነበር።

ደግነቱ መምሬም ይሄን አላለም። "ኒቅያ ምናምን አትበለኝ፣ 500 የአይን ምስክር አለ! ልደታ ፍርድ ቤት ሂድ እስቲ፣ ሁለት ምስክር ይዘህ ከገባህ ይበቃሃል፣ እኛ 500 አለን!" አለና ጠረጴዛውን መታው። የማን ስም አለ፣ የት ታየ፣ ማን መዘገበ የለም፣ 500 ሰው አየው ብሎ የሚነግረን ያው አንድ ሰው ጳውሎስ ነው፣ መምሬ ግን የቀበሌ መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ያስያዘ ነው የሚመስለው። የሚገርመው ለመምሬ የሚጠቅመው ነገር እዛው ወንጌሉ ላይ ነበረ። አራቱም ወንጌሎች መቃብሩ ጋ መጀመሪያ የሄዱት ሴቶች ናቸው ይላሉ፣ መግደላዊት ማርያም ከአራቱም አትጠፋም፣ በዛ ዘመን የሴት ምስክርነት ከቁም ነገር በማይቆጠርበት አገር ታሪክ ፈጥሬ ላሳምን የሚል ሰው ሴት ምስክር ያቀርባል ወይ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ሶርስ ደግሞ "ታዲያ ጳውሎስ ዝርዝሩ ላይ ሴቶቹን ለምን ዘለላቸው?" ብሎ ይመልስለት ነበር። ይሄ ሁሉ ክርክር ነው እንግዲህ፣ ጥሩ ክርክር፣ ግን ገጽ መግለጥ ይፈልጋል። ሁለቱ በምንም አይስማሙም፣ መጽሐፉን ባለመክፈት ግን እንደ መንታ ናቸው። አንዱ ቢከፍተው የሚያምን ይመስለዋል፣ ሌላው ቢከፍተው የሚጠራጠር።

መጠራጠሩ ደግሞ እዛው ውስጥ አለ እኮ። ሉቃስ ላይ ሴቶቹ መጥተው ሲናገሩ ሐዋርያቱ ቅዠት ነው የመሰላቸው። ማቴዎስ መጨረሻ ላይ ተራራው ላይ አይተውት ሰገዱለት ካለ በኋላ "የተጠራጠሩ ግን ነበሩ" ይላል፣ እያዩት! ቶማስማ በስሙ እሁድ አለው ማለት ይቻላል፣ ዳግማ ትንሳኤ የሱ ታሪክ ነው የሚነበበው። ሶርስ ይሄን ቢያውቅ ቤተክርስቲያን ይገባ ነበር፣ ቢያንስ ማስረጃ ለመሰብሰብ።

ቀጥሎ የመጣውን ግን እስካሁን ሳስበው እጄን በአፌ ያስጭነኛል። መምሬ "ጆሴፈስን ታውቀዋለህ? አይሁዳዊ ነው፣ ክርስቲያን አይደለም፣ ግን ተነስቷል ብሎ ጽፏል" አለ። ሶርስ "ሶርስ?" አለ። "እንዴ፣ እኛ ቤተክርስቲያን መጽሐፉ አለ እኮ! ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን!" እንዲህ ነው ዝላይ! ፍላቪየስ ጆሴፈስ የሚሉት ሮም ተቀምጦ የአይሁድን ጥንታዊ ታሪክ በግሪክኛ የጻፈው በ93 ወይ በ94 ነው። እኛ ዜና አይሁድ የምንለው የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን መጽሐፍ ደግሞ 10ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ጣሊያን ውስጥ በእብራይስጥ ተጠናቅሮ በአረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የገባ ነው። መምሬ ስምንት መቶ ምናምን አመት ተሻግሮ ማኪያቶው ላይ አረፋው እንኳን አልተነቃነቀም። ሶርስም ያያትን ክፍተት ተጠቅሞ ሊጥለው ይችል ነበር፣ ትክክለኛው ጆሴፈስ በዚሁ ታሪኩ 18ኛ መጽሐፍ ላይ ስለ ኢየሱስ ያለው ቃል የክርስቲያን ገልባጮች እጅ እንደገባበት ብዙዎቹ ምሁራን ይስማማሉ፣ የቤተክርስቲያን ሊቅ የነበረው ኦሪገንም በ3ኛው ክፍለ ዘመን ጆሴፈስ በክርስቶስ አላመነም ብሎ ጽፏል። ሶርስ ግን ይሄን ሁሉ ትቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጆሴፈስ እኮ ፍሪሜሰን ነው።"

አለቀ። መምሬም መልስ አጣ። በኛ ጠረጴዛ ፍሪሜሰን ከተባለ በኋላ ወደፊት የሚኬድበት መንገድ የለም፣ አጀንዳ ነው የሚቀየረው።

የተቀየረው ወደ መቃብሩ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ኢየሩሳሌም ያለው የቅዱስ መቃብር ሲታደስ ከላይ ያለው እብነበረድ ተነስቶ ነበር፣ ስሩ የድንጋይ መደብ ተገኘ፣ ኖራው ሲመረመር ወደ 345 ይጠጋል ተባለ፣ ማለትም 4ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የነበሩ ሰዎች "ቦታው ይሄ ነው" ብለው እንደሸፈኑት ያሳያል፣ ከዛ በፊት እዛ ማን ተኝቶ ማን እንደተነሳ ኖራ አይናገርም። መምሬ ግን "ሳይንቲስቶቹ ከፈቱት! ምን አገኙ? ባዶ!" አለ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ባለፈው ሳምንት ሌሊት ቅዳሴ ላይ እንኳን እንዲህ አልደመቀም። ሶርስ "የሁለት ሺህ አመት መቃብር ሁሉ ባዶ ነው፣ ያያቴም መቃብር ባዶ ይሆናል" አለው። ሙስሊሙ ወዳጃችን ሳቀ፣ ይሄ የቀኑ ብቸኛው ጥሩ መልስ ነበር፣ ሳላደንቅ አላልፍም።

በዛው ቤተክርስቲያን ጣሪያ ላይ ዴር ሱልጣን የኛ መነኮሳት ትንንሽ ጎጆ ውስጥ እንደሚኖሩ፣ ከግብጾቹ ጋርም ያለው የይዞታ ጭቅጭቅ በፈረንጆቹ 1970 የበሩ ቁልፍ ከተቀየረ ወዲህ እንኳን እስካሁን እንዳልበረደ ያነሳ የለም። አድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ስላለው ወንጌልም ያነሳ የለም፣ በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ውስጥ ነው የተባለው፣ አለም ላይ ካሉ ጥንታዊ ባለስዕል ወንጌሎች አንዱ። ማርቆስ 16 ቁጥር 8 ላይ ሴቶቹ ፈርተው ለማንም አልነገሩም ብሎ የሚያበቃባቸው የ4ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ብራናዎች አሉ፣ ሲናይቲከስና ቫቲካነስ፣ ከዛ በኋላ ያለው ክፍል እንዴት መጣ በሚለው ክርክር ውስጥ ፈረንጆቹ የኛን የግዕዝ ብራናዎች ሁሉ ቆጥረዋል። እነሱ የኛን ብራና ይቆጥራሉ፣ እኛ የነሱን ክሊፕ እንቆጥራለን። ስራ መከፋፈል ይባላል። (ክርስቶስ የተገነዘበት ጨርቅ ነው የሚባለውን የቱሪኑን መግነዝ ሁለት ጊዜ አንስተውት ሁለት ጊዜ ተትቷል፣ በፈረንጆቹ 1988 ተመርምሮ ከ1260 እስከ 1390 ባለው የተሰራ ነው የተባለውን። መምሬ "ናሳ አረጋግጧል" አለ፣ እኔም አልተከራከርኩም፣ ናሳ ያላረጋገጠው ምን አለ።)

አንድ ጊዜ፣ አምና ነው፣ ታሪክ የሚያጠና ልጅ ተቀላቅሎን ነበር። ዝምተኛ ነው። ዳር ዳር ካለ በኋላ "እኔ እንደሚገባኝ እነ ጴጥሮስና ጳውሎስ አየነው ብለው ከልባቸው እንዳመኑ ታሪክ ሊናገር ይችላል፣ እዚህ ላይ አብዛኛው ምሁር ይስማማል፣ ምንድን ነው ያዩት ሲባል ግን አንዱ ራዕይ ነው ይላል አንዱ ትንሳኤ ነው ይላል፣ እዛ ላይ የታሪክ መሳሪያ ብቻውን አይበቃም" አለ። ሁለቱም በአንድ ላይ ዞሩበት። ሶርስ "ድብቅ ጴንጤ ነህ" አለው፣ መምሬ "መናፍቅ" አለው፣ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ሁለቱንም ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው። ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣም። ካፌያችን እንዲህ አይነቱን አይችልም።

ሂሳብ ስል አስታወሰኝ። አስተናጋጇ ቢሉን አመጣች። ዘጠኝ ማኪያቶ ይላል።

ሶርስ ከመቀመጫው ተነሳ። "እኔ አንድ ነው የጠጣሁት።"

መምሬ "ሁለት" አለ። ወዳጃችን "ሶስት ነው ጀለስ፣ ሶስተኛውን ስለ ኒቅያ ስታወራ ነው የጠጣኸው" አለ። እኔ ሁለትም ሶስትም ይመስለኛል፣ እውነቱን ለመናገር ያን ሰአት ስልኬን ነበር የማየው።

"አየህ! አራታችንም የተለያየ ነው የምንለው!" አለ ሶርስ፣ ፊቱ በርቶ።

"ሶስት ነው የኔ ወንድም፣ እኔ ነኝ ያቀረብኩልህ" አለች ልጅቷ።

"የተጻፈ አለ?"

የታዘዘበትን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ አሳየችው። ሶርስ አገላብጦ አየው፣ ወደ ብርሃን አዞረው፣ እኔ ጋ አቀበለኝ። "መቼ ነው የተጻፈው? ሰአት የለውም። ደግሞ የጻፈችው ገለልተኛ አይደለችም፣ የካፌው ሰራተኛ ናት።"

"ኧረ ባክህ" አለ መምሬ፣ "አራት ሰው እዚህ ተቀምጦ አይደል እንዴ ያየው?"

"እሺ ስኒዎቹ የታሉ?"

ልጅቷ ጠረጴዛውን ቅድም ጠርጋዋለች። "አነሳኋቸው።"

"አነሳኋቸው!" አለ ሶርስ ወደኛ ዞሮ። "ሰማችሁ? ምንም የለም፣ ባዶ ጠረጴዛ ነው!"

"ባዶ መሆኑ እኮ ነው ማስረጃው!" ብሎ ጮኸ መምሬ፣ የጎን ጠረጴዛዎች ዞረው እስኪያዩን።

ልጅቷ ትሪዋን ወገቧ ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች። ወዳጃችን አፉን በሶፍት ጠርጎ ስልኩን አወጣና የዘጠኙንም በቴሌብር ከፈለ፣ ከሳንዱቹና ከኔ ኬክ ጋር። ሶርስ ጃኬቱን እየለበሰ በወዳጃችን ትከሻ ላይ ወደ ስልኩ አሾለቀ።

"መክፈልህን በምን አውቃለሁ፣ ስክሪንሾቱን ላክልኝ።"