ጀጎል ውስጥ ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም

ሐረር ላይ «ሎኬሽን ላክልኝ» ማለት ለምደናል። ከግንቡ ውጭ ብዙም አያስቸግርም። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ግን ነገሩ ይበላሻል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ፊት ቆማችሁ ካርታውን ክፈቱት። ሰማያዊዋ ነጥብ አንዴ ከጎን ያለ ግቢ ጣሪያ ላይ፣ አንዴ ከኋላ ያለው መንገድ ላይ ታርፋለች።

ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ስልክ ያለበትን ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ይፈልጋል። እነሱ ያሉት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ምልክታቸው እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ደክሟል። ጠባቡ መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ሰማይ ይጋርዳል። ምልክቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ስልኩም ርቀቱን አስረዝሞ ያሰላል። ሜዳ ላይ የ5 ሜትር ስሕተት ምንም አይደለም፤ ጀጎል ውስጥ 5 ሜትር የሌላ ሰው ቤት ነው።

ስልኩ እርምጃ የሚቆጥር፣ መታጠፍንም የሚለይ ሴንሰር አለው። ግን ትንንሹ ስሕተት እየተጠራቀመ ይሄዳል። ኮምፓሱንም የብረት በር ያሳስተዋል።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ብሉቱዝ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ የራሱን ቁጥር ብቻ እየደጋገመ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አለ። ስልኩ ቁጥሩን ሲሰማና ጥንካሬውን ሲለካ የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ይገምታል። ሳተላይቱን ያስቸገረው ወፍራም የድንጋይ ግንብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ የአንዱን መንገድ ምልክት ከሌላው ይለይልናልና።

«ሰው ጠይቆ ይደረሳል» የሚሉ አሉ። ቀን ላይ እውነት ነው፣ የሐረር ሰው ቤት ድረስ ያደርሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምጥ ለያዛት እናት የመጣ ባለሙያ ግን ማንን ይጠይቃል? አምቡላንሱ ጠባቡ መንገድ ውስጥ አይገባም፤ የቀረውን በእግር መፈለግ አለበት።

ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። ስለዚህ ግንቡ ላይ ምስማር አይመታም፤ መሣሪያዎቹን ለመስቀል ያሉት የመብራት ምሰሶዎች ይበቃሉ። የነዋሪውም ፈቃድ ይጠየቅ። ስልኩ ቦታውን እዚያው ራሱ ላይ ያስላ እንጂ ማን የት እንደገባ የሚመዘግብ አካል አይኑር። ሙከራው ከኤረር በር አካባቢ ይጀመር፤ መንገዶቹን የሚያውቁት የሰፈሩ ወጣቶች ካርታውን ይሥሩት፣ ከሁሉ በፊትም ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች ይሰጥ።