ሺም ቾንግን ማን ጠየቃት?

ባለፈው ሳምንት አንድ የኤፍ ኤም የመጻሕፍት ፕሮግራም ስለ ወጣቶች ንባብ እንግዳ ጋብዞ ነበር። እንግዳው የተናገሩት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ልጆቻችን በስልካቸው የሚያነቧቸው፣ የኮሪያን ተረት መነሻ ያደረጉ የፋንታሲ የፍቅር ልብ ወለዶች ተረቱን አርክሰውታል አሉ። የጥንቱ ተረት የአባቶች ምክር ነበር፤ ፍቅሩን ለገበያ ብለው የጨመሩት የዛሬ ደራሲዎች ናቸው አሉ። ለምሳሌ የጠቀሱት ለአባቷ ስትል ባሕር ውስጥ የዘለለችውን የሺም ቾንግን ተረት ነው፤ ለልጆቻችን ምክር ይሁን አሉ። ሲጨርሱ ወላጆች እነዚህን መጻሕፍት ከልጆቻቸው እጅ እንዲያወጡ መከሩ። አዘጋጁ አመስግኖ ሙዚቃ ከፈተ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃቸውም።

እንግዲያው እኔ ልጠይቅ። ፍቅር አልነበረም ያሉት በየትኛው ኮሪያ ነው?

ኮሪያዎች ፓንሶሪ የሚሉት ጥበብ አላቸው። አንድ ዘፋኝ ቆሞ፣ አንድ ከበሮ መቺ አጠገቡ ተቀምጦ፣ አንድ ታሪክ ለሰዓታት ይዜማል። ድሮ 12 ታሪኮች ነበሩ። ከነዜማቸው ለዛሬ የደረሱት 5 ናቸው። አንዱ የቹንህያንግ ታሪክ ነው። በናምዎን ከተማ የ16 ዓመት ልጅ ዥዋዥዌ ስትጫወት የአገረ ገዥው ልጅ ያያትና ልቡ ይጠፋል። ይዋደዳሉ። እሱ ከአባቱ ጋር ወደ ዋና ከተማ ይሄዳል። አዲስ የመጣው ሹም ካላገኘኋት ይላል። እምቢ ትለዋለች። ትገረፋለች፣ ወህኒ ትወርዳለች፣ ቃሏን ግን አታጥፍም። ናምዎን እስከ ዛሬ በየዓመቱ በስሟ በዓል ታከብራለች። የጎረምሳና የኮረዳ ፍቅር በባህሉ እምብርት ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ፍቅር አልነበረም ብሎ በሬዲዮ መናገር አድማጭን መናቅ ነው።

ደካማ መጻሕፍት የሉም አልልም። አሉ። ሽፋኑ አምሮ ውስጡ ባዶ የሆነ መጽሐፍ በየትኛውም ዘርፍ አለ፤ ምክር ነን በሚሉት ዘንድም ሞልቷል።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ከአምስቱ የፓንሶሪ ታሪኮች የሌላው፣ የሺም ቾንግ ነገር ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። እናቷ የሞተችው ልጅቷ በተወለደች በቀናት ውስጥ ነው። ዓይነ ስውሩ አባቷ ጨቅላዋን ታቅፎ ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ የመንደሩን እናቶች ጡት እየለመነ አሳደጋት። አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይወድቃል። መነኩሴ ያወጣውና ለቡድሃ ቤተ መቅደስ 300 ጆንያ ሩዝ ብትሰጥ ዓይንህ ይበራል ይለዋል። ሰውየው ቤቱ ውስጥ እፍኝ ሩዝ የለም። ቢሆንም እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ሺም ቾንግ ያኔ 15 ዓመቷ ነው። ወዲያው የባሕሩን ቁጣ ለማብረድ ልጃገረድ የሚገዙ መርከበኛ ነጋዴዎች ይመጣሉ። ራሷን በ300 ጆንያ ትሸጥላቸዋለች። ኢንዳንግሱ የሚባለው ባሕር ላይ ሲደርሱ ትዘላለች።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ወጥ ቤት ነበርን። እሷም 16 ዓመቷ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና በክንዷ ዓይኗን ጠራረገች።

«ሩዙ ተሰጠ?» አለችኝ።

«ተሰጠ።»

«እና ዓይኑ በራ?»

አልበራም። 300ው ጆንያ ቤተ መቅደስ ገብቷል፣ ልጅቷ ባሕር ገብታለች፣ አባትየው ግን እንደታወረ ነው። እንዲያውም ያለ የሌለ ጥሪቱን የምታሟጥጥ ሴት አግብቶ ባሰበት። ዓይኑ የበራው ከዓመታት በኋላ ነው። የአገሩ ዓይነ ስውር ሁሉ በተጠራበት ግብዣ ላይ፣ ሞተች ያላት ልጁ ፊቱ ቆማ «አባዬ» ስትለው። መሞቷ አንዲት ጭላንጭል አላመጣለትም። ያዳነው በሕይወት መገኘቷ ነው። ይህን እኔ አልጨመርኩም፤ ተረቱ ራሱ ነው የሚለው። እንግዳው ግን ለልጆቻችን ምክር ይሁን ያሉት መዝለሏን ነው። የ15 ዓመት ልጅ ለወላጇ ስትል ባሕር ውስጥ ሰጥማ ብትቀር ምስጉን ናት ማለታቸው ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ማን ደፍሮ ይነግራታል?

መነኩሴው ዋጋ ጠራ። አባት ቃል ገባ። ነጋዴው ከፈለ። አባትየው ሲሰማ አንጀቱ ተቆርጦ አልቅሷል፣ እሱን አልነፍገውም፤ ግን ያኔ ሩዙ ገብቷል። ስትዘል አልሞተችም፤ የባሕሩ ንጉሥ ቤቱ ተቀብሏታል። ከዚያ ስትመለስም ያው ነው። በሎተስ አበባ ውስጥ ተዘግታ ትንሳፈፋለች፣ ነጋዴዎቹ ያገኟታል፣ አበባውን ለንጉሠ ነገሥቱ ያበረክታሉ። ንግሥት ሆነች። ስለዚህ ሠርጉ ከጥንትም ነበረ። ሙሽራው ነበረ፣ ቤተ መንግሥቱ ነበረ። «አንቺስ ትወጂዋለሽ ወይ?» የሚል ሰው ነው የጠፋው።

አዲሶቹ ደራሲዎች የጨመሩት ይቺን ጥያቄ ነው። ኮሪያዊት አሜሪካዊቷ አክሲ ኦ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመችው ልብ ወለድ ባሕር የምትገባው ሚና የምትባል ሌላ ልጅ ናት። ወንድሟ ሺም ቾንግን ይወዳል፤ ሚና እሱን ለማትረፍ ስትል በሺም ቾንግ ፋንታ ትዘላለች። ሺም ቾንግ ከሚወዳትና ከምትወደው ሰው ጋር ትቀራለች። ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ስትዘል የኖረች ልጅ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ቀረች! ይህ መርከስ ከሆነ የመቀደስ ትርጉም ጠፍቶብኛል።

የእንጨት ቆራጩንም ተረት እንግዳው ሰምተውት ይሆናል። እንጨት ቆራጩ በአጋዘን ምክር ከሰማይ ወርዳ የምትታጠብ ልጅ ልብስ ይሰርቃል። ልብሷ ከሌለ ወደ ሰማይ መመለስ አትችልም። ያገባታል። ልጆች ይወልዳሉ። አንድ ቀን ልብሷን ስታገኝ ልጆቿን ይዛ ትበራለች። ይህንን በእኛ ቋንቋ ጠለፋ እንለዋለን። እናቶቻችንን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ዛሬ አንዲት ደራሲ ተነስታ ልጅቷ መጀመሪያ ወዳ ትምጣ ብላ ብትጽፍ፣ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ተረት አይነካም የሚለውንም ሰምቻለሁ። የፓንሶሪ ሰዎች ግን እንዲህ አይሉም። አንድ ታላቅ ዘፋኝ በታሪኩ ውስጥ የራሱን ክፍል ፈጥሮ ሲያስገባ ዶንም ይሉታል። ተማሪዎቹ ያንን ክፍል በስሙ እየጠሩ ይቀባበሉታል። መጨመር ክብር ነው። ደግሞ ይህን አስቡ። ፓንሶሪ ለረጅም ዘመን የወንዶች ሙያ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ዘፋኝ የምትባለው ጂን ቼሶን ብቅ ያለችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያስተማራትም ሺን ጄህዮ የሚባል ሰው ነው። ከእሷ በፊት የሺም ቾንግን ለቅሶ ያለቀሱላት፣ ለምን እንደዘለለች የተናገሩላት ወንዶች ነበሩ። ዛሬ እነዚህን ልብ ወለዶች በብዛት የሚጽፏቸው ሴቶች ናቸው፣ የሚያነቧቸውም እንደ እህቴ ልጅ ያሉ ልጆች ናቸው። ተራው የደረሳቸው ገና አሁን ነው። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ንጠቋቸው ይባላል።

እንግዳው ሌላ ቀን ቢጋበዙ አዘጋጁ አንድ ነገር ይጠይቅልኝ። ሴት ልጅ ካለቻቸው፣ 15 ዓመት ሲሞላት የትኛውን ሺም ቾንግ ቢነግሯት ይመርጣሉ? የዘለለችውን ወይስ የቀረችውን?

የእህቴ ልጅ አሁን የያዘችው ሌላ ነው። ሰባተኛ ሴት ሆና በመወለዷ ንጉሥ አባቷ ስለጣላትና በኋላ እሱኑ ለማዳን ወደ ሙታን አገር ስለሄደችው ስለ ልዕልት ባሪ ታነባለች። ትናንት ማታ በአምስት ሰዓት መብራቷ አልጠፋም ነበር። ገብቼ ስልኩን አልነጠቅኳትም። ቻርጀሩን ሰክቼላት ወጣሁ።