ማስተካከያ፦ ስለ ፋርሊ ሞዋት መጻሕፍት

ሰሞኑን በቴሌግራም እየተዘዋወረ ያለው የልጆች የንባብ ዝርዝር የካናዳዊውን ደራሲ የፋርሊ ሞዋትን «ኤንድ ኖ በርድስ ሳንግ» («ወፎችም አልዘመሩም» እንደማለት ነው) ስለ ወፎች የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ይለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ይህ መጽሐፍ የደራሲው የጦር ሜዳ ትዝታ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 በጣሊያኗ ደሴት ሲሲሊ ላይ ወርዶ እስከ ኦርቶና ከተማ የዘለቀውን ውጊያ ይተርካል። ርእሱ ያሳስታል፣ እውነት ነው፤ ውስጡ ግን ፍርሃትና የጓደኞች ሞት ነው፤ ለትንሽ ልጅ የሚሰጥ አይደለም።

የታሰበው የ1961ዱ «አውልስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ሳይሆን አይቀርም፤ ሳስካቱን ከተማ ውስጥ ሁለት ጉጉቶች ያሳደገ ልጅ ታሪክ ነው፤ በጣም ያስቃል።

«ኔቨር ክራይ ዉልፍ»ም በዝርዝሩ 1983 ተብሏል። ያ ፊልሙ የወጣበት ዓመት ነው፤ መጽሐፉ የ1963 ነው። «ሳይንሳዊ ጥናት» መባሉም አያስኬድም። ተራኪው፣ ተኩላ አይጥ እየበላ መኖር መቻሉን ለማረጋገጥ ራሱ አይጥ በክሬም ሠርቶ የሚበላበት ግሩም ትረካ ነው፤ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ግን ገና እንደወጣ ብዙውን ነገር ተቃውመውታል።

ዓመቶቹ የተወሰዱት ከመጻሕፍቱ የኅትመት ገጽና ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነው። በዝርዝሩ መሠረት የመጀመሪያውን ለልጅ ያዘዛችሁ ካላችሁ፣ ለራሳችሁ አስቀሩትና ለልጁ የጉጉቶቹን ፈልጉለት።