ሴራሚኩ ከመግባቱ በፊት ወለሉን እዩት

ስለ ጠባብ መታጠቢያ ቤት እድሳት መጻፋችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ከሴራሚክ ቀለም ምርጫ መጀመሩ አልተዋጠልኝም። ብር ለጠበበው ሰው መጀመሪያው ወለሉ ነው።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ክረምት ላይ እዚህ ፎጣ እንኳን በወጉ አይደርቅም። አሮጌው ሴራሚክ ሲነሳ የውሃ መከላከያው በደንብ ይቀባ፤ ከወለሉ አልፎ ግድግዳውም ላይ ከፍ ይበል። ሲደርቅ የፍሳሽ ቀዳዳውን ድፈኑና ውሃ አቁሩበት። 24 ሰዓት ይቆይ። ከጎንም ከሥርም ምንም ካልረጠበ ሴራሚኩ ይግባ። ባለሙያው «ግዴለም፣ ይይዛል» ቢላችሁም ይህችን አትዝለሏት! ስሎፑም (የወለሉ ተዳፋት) በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ይውረድ። ውሃ ልኩን ራሳችሁ አስቀምጣችሁ እዩት።

ሴራሚክ እስከ ኮርኒስ መድረሱ የግድ አይደለም። ሻወሩ ጋ 2 ሜትር፣ ሌላው ጋ ግማሽ ግድግዳ፣ ከዚያ በላይ ዘይት ቀለም ይበቃል። የተረፈው ብር ለጥሩ ሲፎን (የፍሳሹን ሽታ ለሚያግደው ዕቃ) እና ለማይዝግ ቧንቧ ይዋል።

መስኮቱን አጥብቡት ያላችሁት ግን ለእኛ ከተማ አይሆንም። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ኮርኒሱ በአንድ ክረምት ይሻግታል።