ጥፊው ይቅር ወይስ ይኑር?

ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በወላጆች ቀን ድራማ አሳየ። ከገጠር የመጣን ልጅ ሦስት የክፍሉ ልጆች «ባላገር» እያሉ ያንገላቱታል፣ ስንቁን ይቀሙታል። መጨረሻ ላይ ዋነኛውን በጥፊ አጮለው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ አንድ መምህርና አንዲት ወላጅ በጽሑፍ ተያይዘዋል።

መምህሩ፦ እኔን ያስደነገጠኝ ጭብጨባው ነው። እኛ ወሎዬዎች ነን። ደም የፈሰሰበትን ነገር እንኳ አስታራቂው አበጋር ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ ይበርዳል። ድራማው ለምን በሽማግሌ አላለቀም? ደግሞስ ቅጽል ስም ሳይወጣለት ያደገ ማን አለ? ማን ሞተ?

ወላጇ፦ ማንም አልሞተም፣ መምህር። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እሑድ እሑድ ከኩታበር በሶና ድርቆሽ ተሸክሜ እመጣ ነበር። ስሜ «ድርቆሽ» ሆኖ ቀረ። ስም ሲጠራ እውነተኛ ስሜን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ጠሪው መምህርም ፈገግ ይሉ ነበር። አልሞትኩም፣ ይኸው አለሁ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ አንዲት ቃል መዘው መጡብኝ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ይከለክላል። መምህር የማይመታውን ልጅ፣ ልጅ ይምታው? በማግስቱስ? ሦስቱ በር ላይ ቢጠብቁትስ? ድራማው መጋረጃ ዘግቶ ሄደ።

ወላጇ፦ አንቀጹን ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። አርጩሜዋንስ መቼ ጣሏት? ለማንኛውም እኔ ገና «ማን ሞተ» ላይ ነኝ። ሽማግሌ አሉ። ድራማው ላይ ልጁ እኮ ለአስተማሪው ሁለት ጊዜ ተናግሯል። መልሱ ምን ነበር? «አብሽር፣ ይለምዱሃል።» ያኔም አዳራሹ ስቋል። ያኔ ለምን አልደነገጡም?

መምህሩ፦ ያ አስተማሪ አንተ ነህ ነው የሚሉኝ? ከ60 በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዤ፣ 22 ዓመት የጠመኔ አቧራ ስምግ ኖሬ? እኔም በሶ በጥብጬ ነው የተማርኩት። ልጆቹን ድራማውን ሲጽፉ የረዳኋቸውም እኔ ነኝ። አስተማሪውን አውጡት ብያቸው ነበር፣ እምቢ አሉ።

ወላጇ፦ አውጡት? እንግዲያው ያናደደዎት ጥፊው አይደለማ።

መምህሩ፦ ጥፊው ነው አልኩ እኮ! ለመሆኑ ልብ ብለው አይተውታል? ልጁ እጁን ሲያነሳ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊቱን አልነካውም። ጯ ያለው ከመጋረጃው ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ደብተር ነው። አሁን ኮምቦልቻ ወስደው ሊያሳዩት ነው። አስተማሪው ይቆይላቸው፣ ደግሜ አልጠይቅም። ጥፊውን ግን እነግራቸዋለሁ።

ወላጇ፦ ይንገሯቸው። «ማን ሞተ» የምትለዋንም ይስጧቸው። አስተማሪው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ የሚላት ቃል ትሆናለች።