አፍዴራን የማያውቅ ሞዴል

ሰሞኑን በአንድ የጤና ምርምር ወርክሾፕ ላይ አንድ ተመራማሪ የተናገሩት ነገር እስካሁን ያበሽቀኛል። «የጥናት እጥረት የለብንም። ባለሥልጣኖቻችን ናቸው የማያነቡት። የፖሊሲ አወጣጥ ሞዴሎችን ብናሠለጥናቸው ጥናቱ ራሱ ወደ ተግባር ይገባል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥሎ ስላይዱ መጣ። ችግር መለየት፣ አማራጭ መቅረጽ፣ መወሰን፣ መተግበር፣ መገምገም። ሁሉም በክብ ተከቦ፣ በቀስት ተያይዞ። ከዚያ የሻይ ሰዓት ሆነ።

«ራሱ ይገባል»! መቼ፣ የት አገር ነው ራሱ የገባው?

እንቅርትን እንውሰድ። (ዓመቶቹን እንደ ጥናቶቹ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ1993 የታተመ ሰፊ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች 30 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። እጥረቱ አንገት ላይ ብቻ አይቆምም፣ ገና በማህፀን ያለ ልጅን አንጎል ይጎዳል። መፍትሔውም ያኔ አዲስ አልነበረም፤ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ነው። ይህን የካደ ባለሥልጣን አላውቅም። የአሰብ ጨው ላይም አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር።

በ1998 የኤርትራ ጦርነት መጣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። አገሩ ለጨው ፊቱን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ አዞረ። አፍዴራ ጨው ሞልቷል፤ የጎደለው አዮዲኑ ነበር። በ2005 በተደረገ ዳሰሳ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ተገኘባቸው። የሁለቱ ጥናቶች አሠራር ቢለያይም ነገሩ እንዳልተሻሻለ ለማየት ሊቅ መሆን አይጠይቅም። ይህ የሆነው ሚኒስትሩ ጆርናል ስላላገላበጡ ነው? በየትኛው ቀስት ላይ ነው ጦርነት የተጻፈው? በየትኛው ክብ ውስጥ ነው የጨው ነጋዴ ያለው?

በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣ፤ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን የግድ ይኑረው ተባለ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር። በ2016ቱ 89 በመቶ ደረሰ። ስላይድ ወዳዶቹ ይህን ሲያዩ «ይኸው፣ ሞዴሉ ሠራ» ይላሉ። ቆይ እንጂ። ያ ቁጥር የሚቆጥረው አዮዲን የነካውን ጨው ሁሉ ነው። በቂ አዮዲን ያለው ስንቱ ነው ተብሎ ሲለካ ከግማሽ በታች ነው የተገኘው።

ለምን ቢባል መልሱ ላይብረሪ ውስጥ የለም። በአፍዴራ ሙቀት ሠራተኛው እንደ ጸረ ተባይ መርጫ ጀርባው ላይ የሚታዘል ዕቃ ይዞ የጨው ክምር ላይ ፖታሺየም አዮዴት የሚባለውን አዮዲን ያለበት ኬሚካል ይረጫል። አንዱ ጥግ ይረጥባል፣ ሌላው ጠብታም አይደርሰውም። ኬሚካሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዶላር ይፈልጋል። ለአምራቹ ወጪ እንጂ ትርፍ የለውም፤ ገዢው በዓይኑ አይቶ አይለየውማ። ከዚያ ጨው በጆንያ ተጭኖ ስንት ቀን ይጓዛል። ጉልት ላይ ደግሞ ጆንያው አፉ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። ፀሐይና እርጥበት የአዮዲን ጠላት ናቸው። የተረፈችውንም ገና ወጡ ሳይበስል ድስት ውስጥ ጨምረን እናንተከትካታለን።

ይህ ሁሉ ጣጣ እኮ በስላይዱ ላይ አንዲት ክብ ናት፤ «መተግበር» የምትባለው። ከ«መወሰን» ጋር እኩል መጠን አላት!

ሞዴል ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጆን ኪንግደን በ1984 ያቀረበው ሐሳብ ጥሩ ነው። የዋሽንግተንን የጤናና የትራንስፖርት ፖሊሲ ሰዎች አነጋግሮ ነው የጻፈው። ችግሩ፣ መፍትሔውና ፖለቲካው ለየብቻ ይፈስሳሉ፤ ሲገጣጠሙ መስኮት ይከፈታል፤ ነቅቶ የሚጠብቅ ገፊ ከሌለ መልሶ ይዘጋል። ልብ በሉ፣ ኪንግደን ባለሥልጣን ስላላነበበ ነው አላለም። ኳሷን ወደ ገፊው ነው የመለሳት። እሱም ቢሆን የሚያወራው ጉዳይ እንዴት አጀንዳ እንደሚሆን ነው፤ ከውሳኔው በኋላ ጨዋችን የሚደርስበትን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ገፊው ታዲያ የታለ? ተመራማሪዎቻችን ጥናቱን ያትማሉ፣ መጨረሻ ላይ «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት እንዲሰጡ» ብለው ይለጥፋሉ፣ የደረጃ እድገታቸውን ይወስዳሉ። ዩኒቨርሲቲው የሚቆጥርላቸው ወረቀት ነው። ደንብ የሚያረቅ የሕግ ባለሙያ ጋር ለተቀመጡበት፣ ወይ አምራች ማኅበር ለለመኑበት ነጥብ የሚሰጥ ኮሚቴ የታለ? ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በኢሜይል ልኮ «አያነቡም» ማለት ድፍረት ነው። አንብበውስ ቢሆን? ንባብ አዮዲን አይረጭም።

ሥልጠናው ካልቀረ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴል ይበቃናል፤ የሚቀጥለውን አፋር አድርጉት። አንድ ቀን ሰመራ፣ ሁለት ቀን አፍዴራ። ስላይዱን የጨው አምራቾቹ ያቅርቡ፣ ፕሮፌሰሮቹ መርጫውን ጀርባቸው ላይ ይሸከሙ። አበሉም ቢሆን የበረሃ ስለሚታሰብበት ማንም አይጎዳም።